ፍትሕና እናት

አልቤር ካሙ የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሊቀበል ስዊድን በሄደ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1957 ስቶክሆልም ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ለውይይት ተቀምጦ ነበር። ከተሰብሳቢው መካከል አንድ አልጄሪያዊ ወጣት ተነሣና በአገሩ ስለሚካሄደው የነጻነት ጦርነት ለምን ዝም እንዳለ አፋጠጠው። ካሙ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ የሚጠቀሰው ግን ብዙውን ጊዜ ተቆርጦ ነው። ከፍትሕ እናቴን አስበልጣለሁ ብሏል ይባላል። ሙሉ ሐሳቡ ሌላ ነው። በዚያን ሰዓት አልጀርስ ከተማ ውስጥ በትራም ላይ ቦምብ ይጠመዳል፤ እናቱም ከእነዚያ ትራሞች በአንዱ ተሳፍራ ልትሆን ትችላለች፤ ፍትሕ የምትሉት ይህ ከሆነ እኔ እናቴን እመርጣለሁ ማለቱ ነበር።

የመጀመሪያው አባባል ዘመድን ከእውነት ያስቀድማል። ሁለተኛው ደግሞ ይጠይቃል፤ ማንበብና መጻፍ የማትችል፣ በሰው ቤት ጽዳት እየሠራች ልጆቿን ያሳደገች አሮጊት ላይ ቦምብ የሚጥል ፍትሕ፣ ፍትሕ ተብሎ ሊጠራ ይችላል ወይ ይላል። ይህ ጥያቄ የፈረንሳዮች ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ማንሣቱ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን እኛም ሠላሳ ዓመት የዘለቀ የራሳችን ጦርነት ነበረን። እኛም ተማሪዎች፣ ደራስያንና ባለሥልጣናት ነበሩን። አገራችን «አልገዛም፣ ልሂድ» ካላት ሕዝብ ጋር ስትዋጋ፣ የተማረው ሰው ምን አለ? ምንስ ማለት ነበረበት?

አስቀድመን የፈረንሳዮቹን ነገር እንይ።

የአልጄሪያን ጦርነት ያካሄዱት ቀኝ አክራሪዎች ብቻ ይመስሉን ይሆናል። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1954 ሲጀመር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው፣ ኋላ ሶሻሊስት ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንስዋ ሚተራን ነው። አልጄሪያ ማለት ፈረንሳይ ናት ብሎ በአደባባይ የተናገረውም እሱ ነው። በ1956 መንግሥት በአልጄሪያ እንዳሻው እንዲያደርግ ልዩ ሥልጣን የሚሰጠውን ሕግ ያቀረበው የሶሻሊስቱ የጊ ሞሌ መንግሥት ሲሆን፣ ኮሚኒስቶችም ድምፃቸውን ሰጥተውታል። ናዚን በእምቢተኝነት የታገለ ትውልድ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላው በስሙ በእስረኛ ገላ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲገናኝ አብዛኛው ዝም ብሎ ተመለከተ። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ የትናንት ተበዳይነት ለዛሬ ንጽሕና ዋስትና አይሆንም።

ዝም ያላሉት ግን ነበሩ። እነሱም በአንድ ድምፅ አልተናገሩም።

አንደኞቹ ነገሩን በታሪክ ሚዛን የመዘኑት ናቸው። ፍራንሲስ ዣንሶን ለአልጄሪያ ታጋዮች ገንዘብ የሚያሸጋግር ስውር መረብ ዘረጋ። የመረቡ አባላት በሴፕቴምበር 1960 ፍርድ ቤት በቀረቡበት ወቅት፣ ዣን ፖል ሣርትርን፣ ሲሞን ደ ቦቯርንና ሞሪስ ብላንሾን ጨምሮ 121 ጸሐፊዎች፣ ምሁራንና የጥበብ ሰዎች ወጣቱ በአልጄሪያ አልዋጋም የማለት መብት እንዳለው የሚገልጽ መግለጫ አወጡ። ከፈራሚዎቹ መካከል ከማስተማር ሥራ የታገዱ፣ ከመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የተባረሩ ነበሩ። የሣርትር መኖሪያ ሁለት ጊዜ ቦምብ ፈነዳበት። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ፈሪ ማለት አይቻልም። ይሁንና ያው ሣርትር በ1961 ለፍራንዝ ፋኖን መጽሐፍ በጻፈው መቅድም፣ ተጨቋኙ የሚፈጽመውን ግድያ ራሱን እንደ ፈውስ አድርጎ እስከ ማቅረብ ደረሰ።

ሁለተኛው ሬይሞን አሮን ነው። ወግ አጥባቂዎች የእኛ ነው የሚሉት ይህ ሰው፣ በ1957 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ፈረንሳይ አልጄሪያን ይዛ መቆየት እንደማትችል ጻፈ። ክርክሩ የሒሳብ ነበር። የሕዝቡ ቁጥርና የገንዘቡ ወጪ ተደምሮ ተቀንሶ ሲታይ ነጻነቱ የማይቀር ነው አለ። የወገኖቹን ቁጣ ቢያተርፍም ስሌቱ ትክክል ነበር።

ሦስተኞቹ አንድን ሰው፣ አንድን ቀን፣ አንድን ክፍል ይዘው የጠየቁት ናቸው። ሞሪስ ኦዳን የሚባል የ25 ዓመት የሒሳብ መምህር በጁን 1957 አልጀርስ ውስጥ በአየር ወለድ ወታደሮች ተያዘ። ጦሩ እስረኛው አምልጧል አለ። የታሪክ ሰው የነበረው ፒየር ቪዳል ናኬ የጦሩን ቃል ከቀኑና ከቦታው ጋር እያመሳከረ መረመረና፣ ማምለጡ የተፈጠረ ተረት መሆኑን በ1958 በመጽሐፍ አወጣ። ጋዜጠኛው ኦንሪ አሌግ የደረሰበትን ግርፋትና ስቃይ እስር ቤት ሆኖ ጻፈ፤ መንግሥትም መጽሐፉን ወረሰ። የአልጀርስ ፖሊስ ዋና ጸሐፊ የነበረው ፖል ቴትጀን፣ በጌስታፖ እጅ በራሱ ገላ ላይ የደረሰውን ዓይነት ምልክት በእስረኞች ላይ አየሁ ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ጄኔራል ደ ቦላርዲየር በዚህ ዓይነት ሥራ አልተባበርም ብሎ ከአዛዥነቱ ሲነሣ 60 ቀን ታሰረ።

ካሙ ራሱ በጃንዋሪ 1956 አልጀርስ ድረስ ሄዶ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ይዋጉ፣ ሲቪሉን ግን አይንኩ የሚል ጥሪ አቀረበ። ከአዳራሹ ውጭ የራሱ ወገን የሆኑት ሰፋሪዎች ሞት ለካሙ እያሉ ይጮኹ ነበር። ጥሪውን የሰማ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በአደባባይ መናገር ቢያቆምም፣ ሞት የተፈረደባቸውን አልጄሪያውያን ለማስማር በስውር ደብዳቤ ሲጽፍ ቆይቷል።

ከስድሳ ዓመት በኋላ የማን ቃል ጸንቶ ቆመ? ሣርትር በነጻነቱ ጉዳይ ትክክል ነበር፤ በፈውሱ ግን ተሳስቷል። ከፈረንሳይ ጎን የተሰለፉ በሺዎች የሚቆጠሩ አልጄሪያውያን ከነጻነት ማግሥት ታርደዋል፤ አገሪቱም ሦስት ዓመት ሳይሞላት፣ በ1965፣ በመፈንቅለ መንግሥት በወታደር እጅ ገባች። የአሮን ሒሳብም ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ሒሳብ ነውና ቁጥሩ ሌላ ቢሆን ኖሮ መልሱም ሌላ ይሆን ነበር። የኦዳን ጥያቄ ግን አልሞተም። በሴፕቴምበር 2018 ፕሬዚዳንት ማክሮን ከሟቹ ሚስት ቤት ድረስ ሄዶ፣ ባሏን የፈረንሳይ ጦር አሰቃይቶ እንዳጠፋው አመነ። ከ61 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መንግሥቱ በመጨረሻ አንገቱን የደፋው ለአንድ ሰው ስም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ።

የኤርትራ ነጻ አውጪ ግንባር እ.ኤ.አ. በ1960 ካይሮ ላይ ሲመሠረት የአልጄሪያውን ግንባር አርአያ አድርጎ ነበር። በኋላም የትግል ሜዳውን በዚያው አምሳያ በክፍሎች አደራጅቷል። የመጀመሪያው ጥይት የተተኮሰው ነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። አልጄሪያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1962 ነጻ ወጣች። በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። ፈረንሳይ ከጦርነቷ በወጣችበት ዓመት እኛ በጦርነታችን ላይ በሩን ዘጋን።

ኤርትራና አልጄሪያ አንድ አይደሉም የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በእኛና በኤርትራ መካከል ባሕር የለም። ሃይማኖት፣ ቋንቋ፣ የዘር ሐረግና ጋብቻ አስተሳስሮናል። ኤርትራውያን በአዲስ አበባ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ነበሩ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ወንድማማችነት አንድ ነገር አይለውጥም። የተቃጠለ ጎጆ ያቃጠለው ሰው ወንድሜ ስላለው ቃጠሎው አይቀንስም። ደግሞም አልጄሪያ ፈረንሳይ ናት የሚለው ቃል በተናጋሪዎቹ ዘንድ የፍቅር ቃል መሆኑን መርሳት የለብንም።

የእኛ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ከፈረንሳዮቹ ያነሰ ድፍረት አላሳዩም። ዋለልኝ መኮንን ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረበው ጽሑፍ፣ መገንጠልን እንደ ኃጢአት ማየት ያበቃ ዘንድ መንገድ ከፈተ። በወሩ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። ዋለልኝም ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከተገደሉት አንዱ ሆነ። እነዚህ ወጣቶች ያመኑበትን በሕይወታቸው ከፍለዋል። ከሣርትር የሚበልጥ ዋጋ ነው።

ይሁን እንጂ የክርክሩን መልክ ልብ እንበል። የተማሪው ክርክር በአብዛኛው የሌኒንንና የስታሊንን ጽሑፎች የሚያጣቅስ ነበር። ብሔር ምንድን ነው፣ መብቱ እስከ ምን ይደርሳል፣ የሚመራውስ የትኛው መደብ ነው? ዋለልኝ ራሱ የኤርትራንና የባሌን እንቅስቃሴዎች ሥርዓቱን እስካዳከሙ ድረስ ደገፋቸው እንጂ ለሰፊው ሕዝብ የሚበጅ ያመጣሉ ብሎ አላመነም። ይህ ሁሉ ሊባል የሚገባው ነው። ግን የዋለልኝ ጽሑፍ በወጣ በዓመቱ፣ የሁለተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ጄኔራል ተሾመ እርገቱ በደፈጣ ከተገደሉ በኋላ፣ በኅዳር ወር 1963 ዓ.ም. ከከረን አጠገብ ያሉት በስክዲራና ኦና የተባሉ መንደሮች ሕዝብ ተጨፈጨፈ። በስክዲራ የሞተው መስጊድ ውስጥ ተሰብስቦ ነው። ለመሆኑ የእነዚህን መንደሮች ስም የሚያውቅ የአዲስ አበባ አንባቢ ስንት ነው? ስለ መገንጠል መብት በቃሉ የሚከራከረውስ? የሁለቱ ቁጥር ልዩነት የታሪካችንን ጉድለት ያሳያል።

ጥፋቱን ሁሉ በተማሪው ላይ መጫን አይገባም። ቪዳል ናኬ መጽሐፉን የሚያሳትምለት አሳታሚ፣ የሚሟገትበት ፍርድ ቤት ነበረው። እኛ ዘንድ ሳንሱር ነበር፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ሞት። ጄኔራል አማን አንዶም የኤርትራ ጉዳይ በሰላም ይለቅ በማለታቸው ከደርግ ጋር ተጋጭተው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ።

በዓሉ ግርማን ደግሞ እንመልከት። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረው ይህ ደራሲ በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ሄደ። የሄደው የመንግሥት ሰው ሆኖ ነው። ከዚያ ተመልሶ «ኦሮማይ»ን ጻፈ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በዓሉ በዚያ መጽሐፍ የመገንጠልን መብት አልሰበከም፤ የሻዕቢያም ደጋፊ አልነበረም። ያደረገው አንድ ነገር ነው። ያየውን አልካደም። የዘመቻውን ባዶ ድንፋታ፣ የባለሥልጣኑን ቅጥፈት፣ በሁለቱም በኩል የሚሞተውን ወጣት አሳየ። መግለጫ ሳይፈርምና ቲዎሪ ሳይጠቅስ ሄደ። አገዛዙ ከብዙ መፈክር ይልቅ ይህን ፈራ። አምባገነን የሚፈራውን ያውቃል።

ጊዜውም ሌላ ነገር አሳየን። ሻዕቢያ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. አሥመራ ገባ፤ ሪፈረንደሙ በሚያዝያ 1985 ተካሄደ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ የዚያው የስድስት ኪሎ ግቢ ተማሪዎች ሪፈረንደሙን በመቃወም ሰልፍ ወጡ፤ ጥይት ተተኮሰባቸው፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በ1962 ለመገንጠል መብት፣ በ1985 መገንጠልን በመቃወም፤ ከአንድ ግቢ፣ በሁለት ትውልድ። በሁለቱም ጊዜ መንግሥት የመለሰው በጥይት ነው። ማን ትክክል ነበር ብለን እስከ ነገ ልንከራከር እንችላለን። የተገደለው ልጅ መገደል እንዳልነበረበት ግን ክርክር አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ከፓሪስም ከአዲስ አበባም ርቀን፣ ከመተማ ሆነን ብናየውስ?

መተማ የአገር መጨረሻ ናት። ትንሽ ድልድይ ተሻግሮ ጋላባት ነው፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ገዳሪፍ ይወርዳል። ቆላ ነው፤ ሰሊጥና ጥጥ፣ ወባና ካላዛር ያለበት አገር። አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የቆሰሉትና ሕይወታቸው ያለፈው እዚህ ነው፤ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ንጉሠ ነገሥቱ ለመሐዲስቶቹ አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ልከው እንደነበር፣ የመጣላቸውም መልስ ስድብ እንደነበር ከጀግንነቱ ታሪክ ጋር አብሮ መነገር ያለበት ነው።

በሃያኛው መቶ ዓመት ደግሞ ይህ ቆላ የክርክራችን ሁሉ ማራገፊያ ሆነ። በ1968 ዓ.ም. ደርግ ከወሎ፣ ከጎጃምና ከበጌምድር ገበሬውን አሰባስቦ አሮጌ ጠመንጃ እያስያዘ ወደ ኤርትራ አዘመተ። ስለ ብሔር መብት ያላነበበ፣ ኤርትራን በካርታ ያላየ ገበሬ ነው፤ ድንበሩን ሳይሻገር ተመትቶ ተበተነ። በ1969 ዓ.ም. ኢዲዩ ከሱዳን ተነሥቶ መተማንና ሁመራን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ደርግ መልሶ ነጠቀው። ቀይ ሽብርን የሸሸው የከተማ ወጣት በዚህ ቆላ አቆራርጦ ሱዳን ገባ። ኢሕአፓ ከአሲምባ ከተባረረ በኋላ ወደ ጎንደር አፈግፍጎ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ቋራን መሸሸጊያው አደረገ። ኤርትራዊው በከሰላ፣ ጎንደሬውና የአዲስ አበባው ልጅ በመተማ፤ ሁሉም ሱዳን ምድር ላይ ተገናኘ። አንዱ ሌላውን የሸሸ፣ አንዱ ሌላውን የገደለ ሰዎች በአንድ የስደተኛ ሰልፍ ላይ ቆሙ።

ከዚህ ቦታ ሲታይ ካሙ ያነሣው ምርጫ ሌላ መልክ አለው። በፓሪስ ሆኖ ፍትሕን፣ በስቶክሆልም ሆኖ እናትን መምረጥ ይቻል ይሆናል። የመተማ ሰው ግን አልተጠየቀም። የእናቱ ቤት መንገዱ ዳር ነው፤ የፍትሕ ጦር ሲመጣም ሲሸሽም በዚያው ያልፋል። እንግዲህ የተማረ ሰው ከሚጽፈው ቃል ፊት ይህን ቤት ቢያስቀምጥ፣ ቃሉ ምን ያህል ይለወጥ ነበር?

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የሟች ስም መቁጠር ብቻውን ምጽዋት ነው፤ በደሉ ከሥሩ ካልተነቀለ ነገም ሟች አለ። ፈረንሳዮች በሜይ 1945 በሴቲፍና በአካባቢው ሕዝብ በጨረሱ ጊዜ ገና ቦምብ የጣለ ግንባር አልነበረም። ፌዴሬሽኑም ሲፈርስ የኤርትራን ሕዝብ ድምፅ የጠየቀ አልነበረም። ታዲያ ሲቪሉን አትንኩ ማለት ኃይለኛውን መጥቀም አይሆንም ወይ?

ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። መርህ ያስፈልጋል። ነገር ግን የመርህና የእውነታ ሥራ የተለያየ ነው። መርህ ወዴት መሄድ እንዳለብን ይነግረናል፤ በመንገድ ላይ ምን ማድረግ እንደሌለብን የሚነግረን ደግሞ የሟቹ ስም ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። በሜይ 1957 የአልጄሪያው ግንባር ራሱ በሜሉዛ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ የመንደር ሰዎችን ሲጨርስ፣ ለነጻነቱ የቆመው ብዙው ምሁር አፉ ተያዘ፤ መርህ ብቻ ነበረውና። በእኛም ጎረቤት በመስከረም 1994 ዓ.ም. አሥመራ ውስጥ የትናንት ታጋዮችና ጋዜጠኞች ሲታሰሩና ደብዛቸው ሲጠፋ፣ ሠላሳ ዓመት ስለ ነጻነት የጻፈው ሁሉ ስማቸውን አልጠራም።

ሁለተኛ ነገር። የማንን ግፍ አስቀድሜ ልናገር ለሚለው ጥያቄ ቪዳል ናኬ መልስ አለው ብዬ አምናለሁ። ሜሉዛን ያውቃል፤ በትራም ላይ የተጣለውን ቦምብ ያውቃል። እሱ ግን ፈረንሳዊ ነው፤ ኦዳንን የገደለው በእሱ ስም፣ በእሱ ግብር ነው። ቃሉ የሚመዝነው እዚያ ላይ ነው። የባዕድን ግፍ መናገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ የራስን ወገን ግፍ መናገር ግን እውነት ሆኖ ዋጋም ያስከፍላል። በዓሉ ይህን ያውቅ ነበር።

ይህ ያለፈ ዘመን ወሬ እንዳይመስለን። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በማይካድራ አማሮች ተጨፈጨፉ፤ በዚያው ሰሞን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትግሬዎች ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በክረምቱ ደግሞ ቅማንቶች ከጎንደር ቆላ ድንበሩን ተሻገሩ። በሚያዝያ 2015 ሱዳን በራሷ ጦርነት ስትነድ ጉዞው ተገለበጠና ሱዳናዊው በመተማ ወደ እኛ መጣ፤ በኩመርና በአውላላ ጣቢያዎች ተጠለለ። እዚያም ተዘረፈ፣ ተገደለ፤ በ2016 ዓ.ም. በሕይወቱ የሰጋው ስደተኛ ከአውላላ ወጥቶ በእግሩ ጉዞ ጀመረ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የሚያለቅስ ብዙ ምሁር አለን። አንዱን እየጠራ ሌላውን የሚደብቅ፣ አሃዝ በመቀነስና በመጨመር የሚሟገት ብዙ ነው። እዚያው ቆላ ውስጥ በጥቂት ሰዓት መንገድ ተራርቀው የሞቱ ሰዎች በእኛ ጽሑፍ ውስጥ አብረው የሚቀመጡበት አንድ ገጽ አጥተዋል።

ኢትዮጵያና ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. እንደገና ተዋግተው፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 የሰላም ስምምነታቸውን የፈረሙት በአልጀርስ ነበር። ታሪክ አንዳንዴ ቦታ ይመርጣል። የተፈረመው ግን የድንበር ወረቀት ነው። ስለ በስክዲራና ስለ ኦና፣ በሁለቱም ወገን ስላለቀው ገበሬ የሚፈረም ወረቀት በመንግሥታት ዘንድ የለም። ያ ሥራ ለጸሐፊ የተተወ ነው። ፈረንሳይ ለአንድ የሒሳብ መምህር 61 ዓመት ፈጀባት፤ ያም ቢሆን በ1958 ስሙን የጻፈ ሰው ስለነበራት ነው። ያልተጻፈ ስም በ61 ዓመቱም አይገኝም።